ለሕፃን ልጅ የሱፍ ሱሪ በእጅ መሥራት፦ ጀማሪ ከየት ይነሣ?

የሽምብጥ እናት ጠየቀች፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የእጅ ሥራ ወዳጆች። አራት ወር ሊሞላት የተቃረበች ሴት ልጅ አለችኝ፤ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ለገና ወደ ባለቤቴ ወላጆች፣ ወደ ደብረ ታቦር ልንወጣ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ በገዛ እጄ አንድ የሱፍ ሱሪ ልሠራላት ፈልጌአለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀን ቀን ለሕፃን ስስ ልብስ ይበቃል፤ ደብረ ታቦር ግን ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷም በስስ ልብስ የሚታለፍ አይደለም። እዚህም ቢሆን በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ከጣና በኩል የሚነፍሰው አየር ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው ያስቸግራል።

ኪሮሽ ከልጅነቴ ጀምሮ እሠራለሁ፤ የጠረጴዛና የሶፋ ዳንቴል አያቅተኝም። በሁለት መርፌ የሚሠራውን ሹራብ የጀመርኩት ግን በቅርቡ ነው፤ እስካሁን የጨረስኩትም የአንገት ልብስ ብቻ ነው። ቀለበት፣ ማለትም በመርፌው ላይ የሚያዘውን የክር ዙር፣ መጀመር፣ የፊቱንና የጀርባውን አሠራር፣ መጨረሻውን መዝጋት ችያለሁ፤ መጨመርና መቀነስን ግን ገና በሥራ ላይ አላዋልኩትም።

የምጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ገበያ ላይ ወፈር ያለውን ክር ሁሉ ነጋዴዎች «ሱፍ ነው» ብለው ይሸጡታል፤ ወረቀት የሌለው ልቃቂት ስለሚበዛ እውነተኛውን ሱፍ ከሌላው እንዴት እለያለሁ? የእኛ የበግ ሱፍስ ለሕፃን ይሆናል? በኢንተርኔት የሚገኙት መመሪያዎች ደግሞ በባዕድ ቋንቋ አሕጽሮት የተጻፉ ከመሆናቸውም በላይ ልኬታቸው ለስስ ዳይፐር ነው፤ እኔ ግን የምጠቀመው በሚታጠብ የሽንት ጨርቅ ስለሆነ የልጄ መቀመጫ ወፈር ይላል። በጨርቁ ላይ ስለካት የዳሌዋ ዙሪያ 46 ሴንቲ ሜትር፣ ወገቧ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። ስንት ቀለበት ልጀምር? አማቴ ሱፍ ሕፃን ያሳክካልና ጥጥ ይሻላል ይላሉ፤ ቃላቸውን ማክበር ስለምፈልግ በዚህም ላይ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ። በመጨረሻም ሱሪ ለጀማሪ ይከብዳል፣ ኮፍያ ይቅደም የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው?

የእጅ ሥራ መምህርት መለሱ፦

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ለብዙ ዘመን የእጅ ሥራ ያስተማርኩ ሰው ነኝና መጨረሻ ላይ ያነሣሽውን አስቀድሜ ልመልስ፤ ሱሪ ለጀማሪ አይከብድም። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚነሣበት ባለእጅጌ ሹራብ ነው እጅግ የሚከብደው፤ አንገቱም፣ ብብቱም፣ እጅጌውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅርጽ አላቸውና። ኮፍያም ቢሆን አናቱን ለማጥበብ ቀለበት በሥርዓት መቀነስ ይጠይቃል። ሱሪ ግን ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱን እግር የሠራች ሴት ሁለተኛውን የምትሠራው ከመጀመሪያው እየተማረች ነው፤ ከዚያ ሁለቱ ይሰፋሉ። አሠራሩም ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ወደ ወገብ ስለሚወጣ እየሰፋ የሚሄደውን ነገር በዓይንሽ እያየሽ ትሠሪያለሽ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው መቀመጫውን ነው። ጀማሪዎች የእግሩን ርዝመት ይለኩና ልኬቱን ጨረስን ይላሉ። ሕፃን ግን ቆማ አትሄድም፤ ትተኛለች፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች፣ ከሁሉም ይልቅ ትታዘላለች። እናቷ ጀርባ ላይ ሆና እግሯ ግራና ቀኝ ሲከፈት፣ ከኋላ ያጠረ ሱሪ ወደ ታች ይሳብና ወገቧ ለነፋስ ይጋለጣል፤ ሱሪውን የሠራንበት ምክንያትም በዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመለካትሽ በፊት ሜትሩን ከእምብርቷ ጀምረሽ፣ በሽንት ጨርቁ ላይ፣ በእግሮቿ መሃል አሳልፈሽ እስከ ጀርባዋ ወገብ ድረስ ለኪ። በዚህ ዕድሜ፣ ጨርቅ ላደረገች ልጅ ከ40 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይርቅም። ሱሪሽ ከዚህ ልኬት ቢያንስ አራት ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ መሆን አለበት፤ የኋላው ክፍል ደግሞ ከፊቱ ከፍ ማለት አለበት።

ወደ ቁጥሩ ከመግባትሽ በፊት በገዛሽው ክርና በቁጥር 4 መርፌ፣ ማለትም ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር በሆነው፣ ሠላሳ ቀለበት ጀምረሽ አንዱን ረድፍ በፊት፣ ቀጣዩን በጀርባ እየሠራሽ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መለኪያ ቁራጭ ሥሪ። ሱሪውን ወደፊት እንደምታጥቢው አድርገሽ እጠቢው፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተሽ አድርቂው፤ ከዚያ ጠርዞቹን ትተሽ መሃሉ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ስንት ቀለበትና ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሪ። ይህን መዝለል የለብሽም። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሁለት ቀለበት ብቻ ቢለያይ በዳሌ ዙሪያ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ይህም ሱሪውን ለሌላ ልጅ ያደርገዋል። ቁራጩ ሳይታጠብ ቢለካም ዋጋ የለውም፤ ሱፍ ውኃ ካገኘ በኋላ ነው እውነተኛ መጠኑን የሚያሳየው።

ለሕፃን ልብስ በሚሆን መካከለኛ ክር ብዙ ጊዜ የሚወጣው 22 ቀለበትና 28 ረድፍ ስለሆነ በዚያ ላስላልሽ። የዳሌዋ 46 ሴንቲ ሜትር ላይ አራት ጨምሪበትና 50 ይሆናል፤ ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዱ ቁራጭ 25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ22 ቀለበት ሲሰላ 55 ይመጣል፣ 56 እናድርገው። እግሩን ከታች በ36 ቀለበት ጀምሪ፤ ሁለት በፊት፣ ሁለት በጀርባ እያልሽ አምስት ሴንቲ ሜትር ሥሪ። ይህ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ጠርዝ ነው፤ አሁን ይታጠፍላታል፣ ስታድግ ይዘረጋል። ከዚያ ወደ ተራው አሠራር ስትገቢ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ በእኩል ርቀት ስምንት ቀለበት ጨምረሽ 44 አድርሺው። ከዚህ በኋላ በየአራት ረድፉ በሁለቱም ጠርዝ አንድ አንድ ቀለበት እየጨመርሽ፣ አሥር ጊዜ ስትጨምሪ 64 ይሆናል፤ ርዝመቱም ከጠርዙ በላይ 14 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሁለት ረድፍ ሳትጨምሪ ሥሪና በቀጣዮቹ ሁለት ረድፎች መጀመሪያ ላይ አራት አራት ቀለበት ዝጊ። 56 ይቀርሻል፤ ይህ የእግሮቹ መገናኛ ነው። ከመገናኛው ወደ ላይ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ 17 ሴንቲ ሜትር፣ ይኸውም 48 ረድፍ ያህል ትሠሪያለሽ።

መጨመርን ኪሮሽ የሚያውቅ እጅ በቀላሉ ይለምደዋል። ከጠርዙ አንድ ቀለበት ገባ በይና ሁለቱን ቀለበቶች የሚያያይዘውን አግድም ክር በመርፌሽ ጫፍ አንሺው፤ በግራ መርፌ ላይ አድርገሽ ከኋላው በኩል ጠምዘዝ አድርገሽ ሥሪው። ካልተጠመዘዘ ቀዳዳ ይተዋል።

ወገቡ ላይ አንድ በፊት፣ አንድ በጀርባ እያልሽ ስድስት ሴንቲ ሜትር ሥሪና ላላ አድርገሽ ዝጊ፤ ሲታጠፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር የላስቲክ ማስገቢያ ይሆናል። ላስቲኩ ከወገቧ ልክ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጠር፤ ከዚያ በላይ ካጠበቅሽው ሆዷ ላይ መስመር ይተዋል። ክሩ ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃሻል፤ ወረቀት የሌለው ልቃቂት ሲሆን ማቅለሚያው ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ሁሉንም በአንድ ቀን ግዢው።

የክር ባለሙያ መለሰ፦

ጤና ይስጥልኝ። መምህርቷ አሠራሩን በሚገባ ስላስረዱ እኔ ስለ ክሩ ብቻ ልናገር፤ በጨርቃ ጨርቅ ሙያ ውስጥ የምሠራ ነኝ።

ባሕር ዳር የጥጥ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋም ሥራው በጥጥ ላይ ነው። በአካባቢያችን ያለው የዋሸራ በግ ደግሞ አጭር ፀጉር ያለው ስለሆነ ለሥጋ እንጂ ለሱፍ አይረባም። ስለዚህ እዚህ ገበያ ላይ «ሱፍ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ክር ከነዳጅ ውጤት የሚሠራ አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ መጥፎ ክር አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይታጠባል፣ ለመለማመጃም ይሆናል። ነገር ግን እርጥበት አይመጥም፤ ሕፃኗ ካላባት ላቡ በገላዋ ላይ ይቀራል፣ ሲቀዘቅዝም ይበርዳታል። ሱፍ ግን ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት ውስጡ ይዞ ለእጅ ደረቅ ሆኖ ይሰማል። የሽንት ጨርቅ ለምትጠቀም እናት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ጨርቁ ትንሽ ሲረጥብ በላዩ ያለው የሱፍ ሱሪ እርጥበቱን እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ አየር ይሰደዋል።

መለያው እሳት ነው። ከክሩ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጠው፣ ልጅ በሌለበት፣ ውኃ የያዘ ሳሕን ከሥር አድርገው፣ ክሩን በወረንጦ ይዘው ጫፉን በክብሪት ያቃጥሉት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ክብሪቱን ሲያርቁት ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል፣ የሚቀረውም በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ጥቁር አመድ ነው። አክሪሊክ ግን እየቀለጠ ይነዳል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ዶቃ የጠነከረ ጥቁር ነገር ይተዋል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ድብልቅ ከሆነ የፀጉር ሽታውም ዶቃውም አብረው ይመጣሉ። የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ቢወድቅ አጥብቆ ያቃጥላልና በእጅ አይያዙት።

ስለ አገራችን ሱፍ የጠየቁትን በአክብሮት ልመልስ። የመንዝ በግ ሱፍ ባለውለታችን ነው፤ በርኖሱም ዝተቱም ከእርሱ ይሠራል፤ በጎንደርና በጎጃም ደጋ የሚለበሰው ባናም የበግ ፀጉር ሥራ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ከላይ የሚደረቡ ወይም የሚነጠፉ ናቸው። ሱፍ የሚያሳክከው አብዛኛውን ጊዜ በባሕርዩ ሳይሆን በውፍረቱ ነው። የክሩ ጭረት፣ ይኸውም ክሩ የተፈተለበት እያንዳንዱ የበግ ፀጉር፣ ከ30 ማይክሮን በላይ ሲወፍር፣ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፣ ጫፉ ቆዳ ሲነካው አይታጠፍም፣ ይወጋል። የሜሪኖ በግ ሱፍ ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ ጫፉ ታጥፎ ያልፋል። እናም አማትዎ ያሉት ትክክል ነው፤ እርሳቸው የሚያውቁት ሱፍ በእውነት ያሳክካል። ለልጅዎ የሚፈልጉት ግን ሌላ ዓይነት ሱፍ ነው።

ሜሪኖ ክር በልቃቂት ማግኘት እዚህ ይቸግራል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ማስላክ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው መንገድ ሰልባጅ ተራ ነው። ከአንገት ሥር ባለው ምልክት ላይ መቶ በመቶ ሱፍ ወይም ሜሪኖ የሚል የአዋቂ ሹራብ ይፈልጉ፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን ገልብጠው የጎን ስፌቱን ይመልከቱ። ሁለቱ ጠርዞች ሳይቆረጡ፣ ቀለበት ከቀለበት ተያይዘው ከተሰፉ ሹራቡ ይፈታል። ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ በማሽን የተጠለፈ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ረድፍ ጫፍ ላይ የተበጠሰ ስለሆነ የሚያገኙት ቁርጥራጭ ክር ብቻ ነው። በሙቅ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረና ቀለበቱ የማይታይ ሹራብም አይፈታም። የተፈታውን ክር በወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥመው አራት ቦታ ላላ አድርገው ይሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ ይዘፍዝፉት፣ ከዚያ ከታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥለው በጥላ ያድርቁት፤ መጨማደዱ ይለቃል። ክሩ ቀጭን ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መሥራት ይቻላል።

አስተያየት፣ ከአንዲት ነርስ እናት፦

እህቴ፣ አማትሽንም አንቺንም የሚያስማማ ነገር አለ። ከሥር ስስ የጥጥ ሱሪ አልብሻትና ሱፉን ከላይ አድርጊላት። ሱፉ ሙቀት ይይዛል፣ ጥጡ ገላዋን ይነካል። ጥጥ ብቻውን ግን ለደብረ ታቦር ሌሊት አይበቃም፤ ከረጠበ ገላ ላይ ተጣብቆ ይቀዘቅዛልና። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታለብሻት ለጥቂት ጊዜ ብቻ አድርጊላትና ጭኗንና ከጉልበቷ በስተኋላ ያለውን ተመልከቺ። መቅላት ወይም ሽፍታ ካየሽ አውልቂው፤ ሽፍታው ካልለቀቀ ሐኪም ይየው።

መምህርቷ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። ሱሪውን ስትጨርሺ ከውስጥ በኩል የተረፈ የክር ጫፍ ወይም ላላ ያለ ቀለበት እንዳይኖር በጣትሽ እየዳሰስሽ ፈትሺው። የላላ ክር በሕፃን የእግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም የሚያቆምበት ጊዜ አለ፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች እንጂ የት እንዳመማት አትናገርም። ሁሉንም ጫፍ በመርፌ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ስፌቱ ውስጥ አስገቢው። ቁልፍ፣ ዶቃና የክር ኳስ ለጌጥ አታድርጊበት፤ በዚህ ዕድሜ እጅ የገባ ሁሉ አፍ ይገባል።

ሙቀቱንም አትርሺ። ከባሕር ዳር በጠዋት አልብሰሻት ብትነሡ ወረታ ሳትደርሱ መኪናው ውስጥ ሙቀት ይበዛባታል። ደረቷን ወይም ማጅራቷን በእጅሽ ዳስሺ፤ ላብ ካለ ሱፉን አውልቂው፤ ሽቅብ መውጣት ስትጀምሩና አየሩ ሲቀዘቅዝ መልሰሽ ታለብሻታለሽ። እጅና እግሯ ቀዝቀዝ ማለቱ ብቻውን በርዷታል ማለት አይደለም። ከሰልባጅ የተፈታ ክርም ከመሠራቱ በፊት በሚገባ ይታጠብ።

የሽምብጥ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተባለው ከገበያ የያዝኩትን ክር በክብሪት ፈተንኩት፤ ቀልጦ ጥቁር ዶቃ ሆነ። ከሰልባጅ ተራ ግን መቶ በመቶ ሜሪኖ የሚል ግራጫ ሹራብ አግኝቼ፣ ስፌቱን ገልብጬ አይቼ ገዛሁት፤ ፈትቼና አጥቤ ሁለት እጥፍ አድርጌ እየሠራሁበት ነው። ሲነኩት ልስልስ ያለ ነው፤ አማቴም በስልክ ስነግራቸው ከሥር ጥጥ መልበሷን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

እትዬ መምህርት፣ ሁለት ነገር ላስቸግርዎት። መለኪያው ቁራጭ ታጥቦ ሲደርቅ በ10 ሴንቲ ሜትር የወጣልኝ 20 ቀለበትና 26 ረድፍ ነው፤ እርስዎ ካሰሉት ጋር አልገጠመም። መርፌ ልቀይር ወይስ ቁጥሩን? ሁለተኛው፣ የኋላውን ክፍል ከፊቱ ከፍ ማድረግ ያሉትን አልገለጹልኝም፤ ሁለቱ ቁራጮች አንድ ዓይነት ከሆኑ የኋላው እንዴት ለብቻው ይረዝማል? በእምብርትና በጀርባ መሃል የለካሁት 42 ሴንቲ ሜትር ነው። እግዜር ያክብርልኝ፤ ስለ አጣጠቡም አንድ ቃል ቢሉኝ ደስ ይለኛል።

የእጅ ሥራ መምህርት መለሱ፦

ልጄ፣ አታስቸግሪኝም። ቁራጩ በእጅ ሲጨበጥ ልስልስና ተሳቢ ከሆነ መርፌውን አትንኪው፤ ቁጥሩን እንቀይር። እንደ ቆርቆሮ የሚደርቅ ሱሪ ልጅቷ ጉልበቷን እንዳታጥፍ ያደርጋታልና ልስላሴውን ጠብቂው። በአንቺ ልኬት 25 ሴንቲ ሜትር 50 ቀለበት ነው። ከታች በ32 ጀምሪ፤ ከሳቢው ጠርዝ በኋላ ስምንት ጨምረሽ 40 አድርጊው፤ በየአራት ረድፉ ዘጠኝ ጊዜ በሁለቱም ጠርዝ ስትጨምሪ 58 ይሆናል። መገናኛው ላይ ከሁለቱም በኩል አራት አራት ስትዘጊ 50 ይቀርሻል። ከዚያ በላይ ያለው 17 ሴንቲ ሜትር በአንቺ ረድፍ 44 ነው። ፊቱ 17፣ ኋላው 17፣ መገናኛው ላይ የተዘጋው ከሁለቱም በኩል ተደምሮ አራት፣ የኋላው ጭማሪ ሁለት፣ ወገቡ ደግሞ ሦስትና ሦስት፤ ድምሩ 46 ነው። ከ42 አራት ተርፎልሻል፤ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

የኋላውን ከፍታ የሚሰጠው አጭር ረድፍ ነው፤ በመጀመሪያ ሳልገልጽልሽ የቀረሁት ቁራጩን በእጅሽ ሳትይዢው ስለማይገባ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጠርዙ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይውላል። 44ቱን ረድፍ ስትጨርሺ የኋላ እንዲሆን በመረጥሽው ጠርዝ ላይ የቀለም ክር እሰሪበት። ከዚያ ጠርዝ ተነሥተሽ 25 ቀለበት ብቻ ሥሪና የቀረውን ሳትነኪ ሥራውን አዙረሽ ተመለሺ። እንደገና ከዚያው ጠርዝ 18 ብቻ ሠርተሽ ተመለሺ፤ ለሦስተኛ ጊዜ 11 ብቻ ሠርተሽ ተመለሺ። አሁን በኋላ በኩል ስድስት ረድፍ ተጨምሯል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ የፊቱ ግን ባለበት ነው። ስትዞሪ ክሩን በቀጣዩ ቀለበት እግር ዙሪያ አንድ ጊዜ ጠምጥሚው፤ እንዲህ ካልሆነ መዞሪያው ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ከዚያ በ50ዎቹም ላይ ወገቡን ትጀምሪያለሽ። ሁለተኛው ቁራጭ የዚህ ግልባጭ ነው፤ የመጀመሪያውን አጭር ረድፍ ከፊቱ መልክ በኩል ከጀመርሽ ሁለተኛውን ከጀርባው መልክ በኩል ትጀምሪያለሽ። በዚህ ቦታ ብቻ ነው ሁለቱ የሚለያዩት፤ ካላስተዋልሽው ሁለት ግራ እግር ይወጣልሻል።

ስፌቱን በዚያው ክር አድርጊው። መጀመሪያ የእያንዳንዱን እግር ውስጠኛ ጎን ከታች እስከ መገናኛው ስፊ፤ ከዚያ አንዱን እግር ገልብጠሽ በሌላው ውስጥ አስገቢና የቀለም ክር ያሰርሽባቸውን ጠርዞች አጋጥመሽ ከፊት ወገብ ተነሥተሽ፣ በመሃል አልፈሽ፣ እስከ ኋላ ወገብ በአንድ ትንፋሽ ስፊው። አራቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሺ፤ ስትታዘል ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

አጣጠቡን በተመለከተ፣ ሱፍን የሚጎዳው ሙቀትና ማሸት በአንድነት ሲመጡ ነው፤ የጭረቱ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዙና ልብሱ ይኮማተራል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። እጅሽን የማያሞቅ የማያቀዘቅዝ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ባለው ውኃ ትንሽ የፀጉር ሻምፖ ጨምረሽ ዘፍዝፊው፤ አትሺው። የልብስ የዱቄት ሳሙና አታድርጊበት። ማለቅለቂያውም ውኃ ከዚያው ሙቀት ብዙ አይለይ። ከዚያ በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው እንጂ አትጭመቂው፤ በገመድ ላይ ከተሰቀለ እግሩ በውኃው ክብደት ይረዝማልና በጥላ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጊው። ሽንት ሳይነካው ነፋስ ብቻ ካገኘው በየቀኑ መታጠብ አያስፈልገውም፤ ሌሊት ውጭ አየር ላይ ማሳደር ይበቃል። ክረምት ሲገባ ግን ታጥቦና በደንብ ደርቆ፣ አፉ በሚዘጋ ከረጢት ይቀመጥ፤ ብል የሚወደው የቆሸሸ ሱፍ ነውና።

የመጀመሪያውን እግር እስከ መገናኛው ስታደርሺ ሁለተኛውን ከመጀመርሽ በፊት በሽንት ጨርቋ ላይ ጭኗን ጠቅልለሽ ሞክሪው፤ ጠርዝና ጠርዙ ተገናኝቶ አንድ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ቀጥይ፤ ከጠበበ ደግሞ መገናኛው ሳይዘጋ ሁለት ጊዜ ጨምሪበትና ፎቶውን ላኪልኝ።